ጀማውን የሚያስቀው ሰው

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጸሐፊውን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችን አውጥቼ፣ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ተወልጄ ያደግኩት ድሬ ነው። 36 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ታይዋን ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ አለኝ። ጓደኞቼ፣ ጀማው ማለት ነው፣ አብሮ አደጎቼ ናቸው። በርጫ ላይ እኔ ከሌለሁ ጨዋታ የለም ይላሉ። የጀማው አጫዋች እኔ ነኝ።

አባቴ ከሞተ ዓመት አለፈው። የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። ሲሞት አላለቀስኩም። ድንኳን ያስተከልኩት፣ ሰው ያስተናገድኩት፣ ታናናሾቼን ያጽናናሁት እኔ ነኝ። ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አሁን አራት ወር ሆነኝ፤ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ምግብ አይጥመኝም። ሱቅ አርፍጄ ነው የምከፍተው። ደንበኛ ሲመጣ ይደክመኛል። ሚስቴ ላይ በትንሹም በትልቁም እጮኻለሁ። ልጆቼ ሲስቁ እያየሁ ምንም አይሰማኝም፤ ያስፈራኝ ይኼ ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ጫት ስቅም ትንሽ ሰው እሆናለሁ። እቀልዳለሁ፣ ይስቃሉ። ማታ ሲወርድልኝ ግን ከጠዋቱ ይብሳል። ባልነቃ ብዬ የምተኛበት ሌሊትም አለ።

አንድ ቀን ለአንዱ ጓደኛዬ ልነግረው ሞከርኩ። ‹አቦ ተው! አንተም ትደበራለህ? ና ቃም፣ ይለቅሃል› ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም። እድርም መሄድ ትቻለሁ፤ ሁሉም የሚያነሳብኝ አባቴን ነው። የአባቴ የሥራ ቱታ እናቴ ቤት በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም አላወረደውም ነበር። እሱን ላለማየት ብዬ እናቴን መጠየቅ ቀንሻለሁ።

ይኼ ሁሉ ሰው እያለኝ ብቸኝነት የሚሰማኝ ለምንድን ነው? ምስጋና ቢስ ሆኜ ነው? ጀማውን ልተወው? ወይስ ከተማ ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወደ ጥያቄዎችህ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ሳልጠይቅህ የነገርከኝን ነገር ላንሳ። «ባልነቃ ብዬ የምተኛበት ሌሊት አለ» ብለሃል። ቶሎ ብለህ አልፈሃታል። እኔ ግን ላልፋት አልችልም።

በቀጥታ ልጠይቅህ። ምኞት ብቻ ነው? ወይስ እንዴት አድርጌ ብለህ አስበህ ታውቃለህ? እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሰውን ወደ ሞት አይገፋም። ብዙ ሰው እንዲያውም የሚጠይቀው በማግኘቱ እፎይ ይላል። መልስህ ሁለተኛው ከሆነ ማንበብህን እዚህ ላይ አቁምና ሚስትህን ጥራት። ሌሊት ከሆነም ቀስቅሳት። «ራሴን እንዳልጎዳ ፈርቻለሁ፣ ብቻዬን አትተይኝ» በላት። ከዚያ አብራችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ለጊዜው ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። መልስህ የመጀመሪያው ቢሆንም ነገሩ ቀላል አይደለም። ሐኪም ፊት ስትቀመጥ ቀድመህ የምትናገረው ይህን ይሁን።

አሁን ወደ ጥያቄዎችህ። ምስጋና ቢስ አይደለህም። የጻፍከው ነገር ስም አለው፤ ድባቴ ይባላል። ሁላችንም ይደብረናል። ዝናብ ሲያካፋ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ከሰው ስንጣላ ይደብረናል፤ ከዚያ ያልፋል። ድባቴ ግን ውሎ ያድራል። ሐኪሞች ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚቆይ የስሜት መጥቆር ወይም የደስታ መጥፋት ይፈልጋሉ። አብረውት የሚመጡት ደግሞ አንተ አንድ በአንድ የዘረዘርካቸው ናቸው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መዝጋት፣ ድካም፣ ራስን መውቀስ፣ የሞት ሐሳብ። አንተ አራት ወር ሆኖሃል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በደብዳቤም በሽታ አይመረመርም። ይኼን ይዘህ ቤት መቀመጥ ግን የለብህም።

ሚስትህ ላይ መጮህህን እንደ ጠባይ መበላሸት ነው የጻፍከው። ወንድ ላይ ድባቴ ብዙ ጊዜ እንባ ሆኖ አይወጣም። ንዴት ሆኖ ይወጣል። ለሱቁ ሠራተኛ፣ ለባጃጁ ሾፌር፣ ለሚስት፣ ለልጅ የሚተርፍ ንዴት። ሰውየው ራሱ «ከፋሁ» ብሎ ያፍራል እንጂ «ታመምኩ» ብሎ አያስብም።

«ሲሞት አላለቀስኩም፣ ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነበር» የሚለው ደግሞ ግራ አጋብቶሃል። አንተ የደቻቱ ልጅ ነህ፣ ይኼን ታውቀዋለህ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ፣ ደንገጎ በኩል ደጋው ላይ ነው። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጠብታ ሳይወርድ፣ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ያን ሁሉ ሰው በተኛበት የወሰደው ጎርፍ የመጣው እንዲሁ ከላይ ነው። የአንተም ሐዘን ከላይ ሲዘንብ ከረመ። ድንኳን ስታስተክል፣ ወንበር ስትቆጥር፣ ታናናሾችህን ስታባብል ዘነበ። አንተ ጋ የደረሰው አሁን ነው። ሐዘን የዘገየበት ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ በተለይ የበኩር ልጆች ላይ። ለቅሶ ቤቱን የሚመራ ሰው የሚያለቅስበት ሰዓት የለውም።

ብቸኝነቱን በተመለከተ ትንሽ ልቆይበት። ደብዳቤህ ውስጥ ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው።

እኛ ድሬዎች በግልጽነታችን እንኮራለን። ልክም ነን። አንቱታ እንኳን ብዙ አናበዛም፤ ልጁ አዋቂውን «አንተ» ይለዋል፣ ማንም አይቀየምም። የማናውቀውን እንግዳ «አቦ ግባ፣ ብላ» እንላለን። የጎረቤት በር አይቆለፍብንም። ሐረር ሂድ፣ እንዲሁ ነው። ይኼ ትልቅ ሀብት ነው። ግን አንድ ነገር ይሸፍንብናል። ተጫዋች መሆንና መታወቅ ይምታቱብናል። አንድ ሰው አብሮን ሃያ ዓመት ስቆ፣ ውስጡን አንድ ቀን ሳናይለት ሊቀር ይችላል። «ድሬ ላይ ደግሞ ማን ይደበራል?» የምንለው ነገር ለታመመ ሰው አፍ መዝጊያ ነው። አንተ ላይ የሆነው ይኼ ነው። ጓደኞችህ ይወዱሃል፤ የሚወዱት ግን የሚያውቁትን ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነቃውን ሰውዬ ገና አልተዋወቁትም። ለዚህ ነው እነሱ መሃል ተቀምጠህ ብቻህን የምትሆነው። የሚስቁት ለአንዱ ነው፣ የሚታመመው ሌላው ነው።

ይኼን የምልህ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ስምንት ወር ያህል እንዲህ ሆኜ ነበር። ቤቴ ሰው ሞልቶ ነበር። ገንፎ የሚያገነፋው፣ ሕፃኑን የሚያቅፈው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ብዙ ነው። እኔ ፈገግ እላለሁ፣ ሲወጡ ግድግዳ አያለሁ። አንድ ጤና ተቋም ሄጄ ለባለሙያዋ ነገርኳት። «ልጅ ሰጥቶሽ ታለቅሻለሽ? እግዜርን አታስቀይሚ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አፌን ዘጋሁ። የከፈተችው አንዲት ጎረቤቴ ናት። ሽንኩርት ልትልጥልኝ ተቀምጣ፣ ቀና ሳትል፣ «እኔም በመሃለኛው ልጄ ጊዜ እንዲህ ሆኜ ነበር» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሽንኩርቱን መላጧን ቀጠለች። እኔ ያን ዕለት ነው ያለቀስኩት፤ ሽንኩርቱም ሰበብ ሆነልኝ። በሳምንቱ እሷው ይዛኝ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሕክምናው ነው ያዳነኝ። ሕክምናው ደጃፍ ያደረሰችኝ ግን እሷ ናት።

ለአንተም የምለው ከዚህ የመጣ ነው። ለሃያ ሰው መናገር የለብህም። ለሁለት ሰው ትነግራለህ።

የመጀመሪያዋ ሚስትህ ናት። እሷ አንድ ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ ነው የማታውቀው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠገቧ ስትገላበጥ የተኛች ይመስልሃል? ምናልባት ሌላ ሴት የያዝክ መስሏት ይሆናል። ምናልባት ዕዳ የገባህ መስሏት ይሆናል። እውነቱ ከምትፈራው ነገር ይቀልላታል። ልጆቹ ሲተኙ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ እንዲህ በላት፦ «በአንቺ ተናድጄ አይደለም። አባቴ ከሞተ በኋላ ውስጤ ጨልሟል። ምን እንደሆነ አላውቅም። ሐኪም ዘንድ አብረሽኝ ሂጂ።» አራት አጭር ነገር ነው። ቃሉ ከከበደህ ደብዳቤህን ስጣት፤ ለእኔ የጻፍከውን ለእሷ አስነብባት።

ሁለተኛው ያ «ና ቃም» ያለህ ጓደኛህ ነው። አትደነቅ። ከጀማው ሁሉ መርጠህ የሞከርከው እሱን ነው፤ ልብህ ያለ ምክንያት አልመረጠውም። የነገርክበት ሰዓትና መንገድ ነው የተበላሸው። መቼ እንደነገርከው አልጻፍክልኝም፤ በርጫ ላይ እንደሆነ ግን እገምታለሁ። በርጫ የልብ ማውጫ ቦታ ይመስላል። ምርቃና ላይ ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ፎቅ ይሠራል፣ ድርጅት ይከፈታል። ማታ አንድም የለም። እዚያ የተነገረ ሐዘን እንደ ፎቁ ይሆናል።

ስለዚህ ጠዋት ያዘው። ከጫት በፊት፣ ከፀሐይ በፊት። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደውልለትና «ከዚራ ሻይ እንጠጣ» በለው። ከዚራ ዛፎቹ ሥር እየተራመዳችሁ ብትነግረው ይሻላል። ወንዶች ፊት ለፊት ተፋጠው ከሚያወሩ ጎን ለጎን እየሄዱ ቢያወሩ ይቀላቸዋል። «ዛሬ ልቀልድ አልመጣሁም» ብለህ ጀምር። ይቺ ዓረፍተ ነገር ዋጋዋ ትልቅ ነው፤ አጫዋች ሰው ቁም ነገር ሲያወራ ሰው ቀልዱ እስኪመጣ ይጠብቃልና። ቀጥል፦ «አራት ወር ሆነኝ። አልተኛም። መኖር የሚያስጠላኝ ቀን አለ። ምክር አልፈልግም፣ ስማኝ ብቻ።» ከዚያ አንድ ነገር ጠይቀው። ትንሽ ነገር፣ የሚቻል ነገር። «በየቀኑ ጠዋት ደውለህ ሱቅ ከፈትክ ወይ በለኝ» ብትለው በቂ ነው። ሰው የሚወደውን ሰው ታሞ ሲያይ የሚሠራው ያጣና ይቀልዳል፤ ሥራ ስትሰጠው ይረጋጋል። ደግሞ ዳግመኛ ቢስቅብህ? ይከፋሃል፣ እውነት ነው። ግን ችግሩ የእሱ አቅም ነው፣ የአንተ ነገር ቀልድ ሆኖ አይደለም። ያኔ ሌላ ሰው ፈልግ።

ማውራት ብቻውን ምን ይሠራል የምትል ከሆነ አንድ ነገር ላጫውትህ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም አለ። አገሩ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። አንዲት ታካሚው ሆስፒታል ለመምጣት የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥታ ራሷን አጠፋች። እሱም ሆስፒታሉን ወደ ሰፈር ማውረድ አለብኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ከተማ ውስጥ 14 አያቶችን አሠለጠነ። የሰፈር አሮጊቶች ናቸው። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠላቸው። የጨነቀው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። እነሱ «ድባቴ» የሚል ቃል አይጠቀሙም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ «ማሰብ ሲበዛ» ማለት ነው። የእኛም እናቶች «ሐሳብ በዛብኝ» ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ከ500 በላይ ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሕመም የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ።

እኔን ከወንበሩ በላይ የያዘኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ወንበሩ ላይ ልባቸውን አውጥተው ሲጨርሱ ወደ ቤት ብቻቸውን አይላኩም። ተመሳሳይ መንገድ ያለፉ ሰዎች ማኅበር ጋር ይገናኛሉ። «ኩባታና ቶሴ» ይሉታል፣ እጅ ለእጅ መያያዝ እንደማለት። ተሰብስበው ቦርሳ ይሠራሉ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ያወራል። መናገር በሩን ይከፍታል፤ ሰውን ውስጥ የሚያቆየው ግን የሚሠራው ድርሻ ያለው መሆኑ ነው።

እኛ ይኼ ነገር ከውጭ የሚመጣልን አይደለም። እድር አለን። ሐረር ላይ አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለ። አፎቻ ውስጥ ያለች የሐረሪ ሴት ከሰርግም ከለቅሶም ብትቀር «የት ገባች?» ተብሎ ይጠየቃል። «የኔ ቤት ነው» የሚል ስሜት የሚመጣው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስትቀር የሚታወቅበት ቦታ ሲኖርህ፣ በአንተ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ሲኖር። አንተ ከእድር የቀረኸው ስለ አባትህ ስለሚያወሩህ ነው። ይገባኛል። ግን አስበው፤ ድሬ ላይ ስለ አባትህ አውርቶ የማይጠግብ ሰው የተሰበሰበበት ቤት እሱ ብቻ ነው። የምትሸሸው መድኃኒትህን ነው።

እንዴት እንደምትመለስ ልንገርህ። ለስብሰባ ተቀምጠህ ሰው እንዲያይህ አትሂድ። ሥራ ይዘህ ሂድ። በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳን ከሚተክሉት፣ ወንበር ከሚጭኑት ጋር ግባ። ድባቴ ያለበት ሰው «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ደስታው ቀድሞ አይመጣም። እግርህ ይቀድማል፣ ልብ ዘግይቶ ይከተላል። መጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ከቆየህ ይበቃል። ከሕክምናውም አንዱ ክፍል ይኼው ነው፤ ትንሽ ሥራ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ባይጥምህም።

አንድ ሌላ ቤትም አለ። ምድር ባቡር ለድሬ ምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ከተማችን ራሷ አትኖርም ነበር። ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው አንድ ጣቢያ፣ አንድ ወርክሾፕ ላይ ተሰብስቦ ድሬን ሆነ። ባቡሩ ሲቆም የቀረው ሰው አባትህን የሚመስለው ጡረተኛ ነው። ዛሬ አዲሱ ባቡር ከከተማ ውጭ ያልፋል፤ የድሮዎቹ አንድ በአንድ እየሄዱ ነው። አባትህ ጋር አንድ ሎኮሞቲቭ ሥር የተኛ፣ እጁ በቅባት የጠቆረ አንድ ሰው በሕይወት አይጠፋም። ፈልገው። «አባቴ ሥራ ላይ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለህ ጠይቀው። እሱም የሚሰማው ሰው ካጣ ስንት ጊዜው ይሆን።

ስለ ጫቱ ሳላወራ ማለፍ አልችልም። ስድብ ለመጨመር አይደለም፤ እዚህ ከተማ ጫት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አወዳይ የታሰረው እስኪደርስ ከተማው እንዴት እንደሚጠብቅ፣ በዚያ ሙቀት ሱቅ ተዘግቶ ሰው ጥላ ሥር ሲሰበሰብ ጨዋታው እንዴት እንደሚጥም አውቃለሁ። ግን አንተው ራስህ ጽፈኸዋል፦ «ማታ ሲወርድልኝ ከጠዋቱ ይብሳል።» ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን ያነቃቃል፤ ነገ የምትደሰትበትን ዛሬ ከሰዓት አበድሮ ይሰጥሃል። ማታ ብድሩን ይጠይቃል። እንቅልፍና ምግብም ይዘጋል። አንተ ላይ የትኛው ከጫቱ፣ የትኛው ከድባቴው እንደሆነ አሁን ለመለየት ከባድ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ ምን ያህል እንደምትቅም አትደብቅ። በአንድ ቀን ቁርጥ አድርገህ እንድትተውም አልመክርህም። ድካሙ፣ ድብርቱና ዱካኩ (ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት) መጀመሪያው ሰሞን ያይላል፤ ባለህበት ሁኔታ ብቻህን ልትሸከመው አይገባም። ከባለሙያ ጋር ሆነህ ቀንስ። በርጫውን መተው ካልቻልክ እንኳን መጀመሪያ ከምሽቱ አሳጥረው፣ ከዚያ ቀን ዝለል።

ሕክምናው ይኼን ይመስላል። ድል ጮራ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሰው እንዳያይህ ካሳሰበህ ሐረር ሕይወት ፋና ሩቅ አይደለም። እዚያ የሚያገኝህ ሐኪም ወይም የአእምሮ ሕክምና ነርስ ይጠይቅሃል፣ ይሰማሃል። ደም እንዲታይልህም ጠይቅ፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ድባቴ ሊመስሉ ይችላሉ። መድኃኒት ሊታዘዝልህ ይችላል። ያኔ ሁለት ነገር አስታውስ። አንደኛ፣ እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠራም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለህ አትጣለው። ሁለተኛ፣ ሲሻልህም በራስህ አታቋርጥ። ሱስ ያስይዛል የሚሉህ አሉ፤ እንደ ጫት አምሮት የለውም፣ ግን ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይረበሻል። ሃይማኖትህን አልጻፍክልኝም። ጸበል የምትሄድ ከሆነ ሂድ፣ ቁርአን የምታስቀራ ከሆነ አስቀራ። ክኒኑን ግን ከእሱ ጋር አታጣላው።

የመጀመሪያው ባለሙያ ባይሰማህ፣ እንደ እኔዋ ቢያሳፍርህ፣ ሁለት ወር አፍህን አትዝጋ። እኔ ያን ሁለት ወር ዛሬም እቆጨዋለሁ።

ጀማውን ልተው ወይ ላልከኝ፣ አትተው። ከበርጫ ውጭ ግን አግኛቸው። አንዱን ሻይ ላይ፣ አንዱን ኳስ ላይ፣ አንዱን ልጆቻችሁን ይዛችሁ። የአጫዋችነቱን ወንበር አንዳንድ ቀን ለሌላ ልቀቅ። ዝም ብለህ ብትቀመጥ ምን እንደሚሉህ እይ። ከተማ መቀየሩን ግን አሁን አትወስን። ሱቅ መሸጥ፣ ትዳር መፍታት፣ አገር መልቀቅ በድባቴ ዓይን ሲታይ ሁሉም መውጫ ይመስላል። ሲሻልህም ፍላጎቱ ካልለቀቀህ ያኔ እንነጋገራለን።

ሰኞ ጠዋት ከሚስትህ ጋር ካርድ አውጣ። ከዚያ በፊት፣ ዛሬ ወይም ነገ፣ እናትህ ቤት ሂድ። ብቻህን አትሂድ፤ ታናሽህን ይዘህ ሂድ። እናትህም ያን በር በከፈቱ ቁጥር ቱታውን ያያሉ፤ ማንም ስለሱ አያነሳላቸውም። አውርደው ማለቴ አይደለም። ኪሱን ብቻ ፈትሹት። እዚያ ውስጥ ምን እንዳገኛችሁ ጻፍልኝ።